መስመሩ ነፃ ነው?

ድሬዳዋ የመስመር ልጅ ናት። ብዙዎቹ ከተሞቻችን የቤተ መንግሥት፣ የቤተ ክርስቲያን፣ የመስጊድ ወይም የገበያ ልጆች ናቸው። ንጉሥ ሲሰፍር፣ ታቦት ሲገባ፣ ገበያ ሲቆም ከተማ ይቆረቆራል። የእኛዋ ድሬ ግን የተወለደችው ከባሕር ተነሥቶ በረሃውን ሰንጥቆ የመጣ የብረት ሐዲድ ከሐረር ተራራ ግርጌ ደርሶ ዳገቱ ስለ ከበደው ነው። ሐዲዱ ሽቅብ መውጣት ቢችል ኖሮ ዛሬ እኔም ድሬዳዋ ተወልጄ ይኸንን ባልጻፍሁ ነበር።

ባቡሩን ማንሣቴ ግን ስለ ባቡር ለማውራት አይደለም። ሰሞኑን ከወዳጆቼ ጋር በዐይነ ምድር ስለ ሆነ ነገር ስንጨቃጨቅ ሰነበትን፤ እርሱም ኢንተርኔት ነው። አንዱ «ሲያስፈልግ ይዘጋ፣ አገር ይቅደም» ይላል። ሌላው «ለአንድ ሰዓት እንኳ ቢዘጋ ወንጀል ነው» ይላል። ጭቅጭቁን ሳዳምጥ አንድ ነገር ታሰበኝ። ይህ ጥያቄ በኮምፒዩተር ዘመን የተፈጠረ ይመስለናል እንጂ ዕድሜው ከመቶ ዓመት በላይ ነው። መንገዱን የያዘው ማን ነው? በማን ፈቃድ ይዘጋዋል? ከዘጋውስ በኋላ ማን ይጠይቀዋል? ይኸንን ለመመለስ ወደ ኋላ ሄደን መጀመር ሳይኖርብን አይቀርም። (ካላመለከትሁ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በእኛው አቆጣጠር ናቸው።)

ሁለቱ መስመሮች

እ.ኤ.አ. በ1894 ዐፄ ምኒልክ የሐዲድ ሥራ እንዲጀመር ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የ99 ዓመት ፈቃድ ሰጡ። የዛሬው ኢትዮ ቴሌኮምም ልደቱን የሚቆጥረው ከዚሁ ዓመት ነው፤ ሐረርንና አዲስ አበባን የሚያገናኘው የስልክ መስመር የተጠነሰሰው ያን ጊዜ ነው ይላል። ልብ በሉልኝ፤ ሐዲዱም ስልኩም ፊታቸውን ያዞሩት ወደዚሁ ወደ ምሥራቁ ነው። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ የባሕሩ በር በዚህ በኩል ነበረ።

ስልኩን መኳንንቱና ካህናቱ «ሰይጣን የሚናገርበት ነው» ብለው እንደ ተቃወሙት ይተረካል። ምኒልክ ግን አልሰሟቸውም። ሽቦው ንጉሠ ነገሥቱን ከሐረሩ ገዥ ከራስ መኮንን ጋር ያነጋግር ነበርና ጥቅሙ ገና ከጅምሩ ገብቷቸዋል። እንግዲህ የመጀመሪያው ስልካችን የቤተ መንግሥት ዕቃ ነበር። ተራው ሰው ከሽቦው ሥር ያልፋል እንጂ አይናገርበትም። ይህ አጀማመር በኋላ ለመጣው ሁሉ ጠባዩን አውርሶታል ብዬ አምናለሁ።

ሐዲዱ በታኅሣሥ 1895 ዛሬ ድሬዳዋ ከምትባለው ሜዳ ደረሰ። ጣቢያው መጀመሪያ «አዲስ ሐረር» ተብሎ ነበር። ከዚያ ኩባንያው ከሰረ፣ ሌላ ተተካ፣ ሥራው ተጓተተና ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በግንቦት 1909 ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ድሬ የመንገዱ ጫፍ ነበረች። ከደቻቱ ወንዝ ወዲህ ከዚራ በቀጥታ ጎዳናዎቿና በዛፎቿ፣ ከወንዙ ወዲያ መጋላ በጠባብ መንገዶቿና በገበያዋ አደጉ። ፈረንሳዩም፣ ግሪኩም፣ አርመኑም፣ ዓረቡም፣ ህንዱም መጣ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አፋሩ፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ቅጥር ተሰባሰበ። በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ቋንቋ የሚቀላቅል የድሬ ልጅ የተገኘው ከዚህ ነው። ይህችን ከተማ ያቆማት መከፈት ነው።

ከሐዲዱ ጎን ለጎን የቴሌግራፍ ሽቦ ተዘርግቶ ነበር። ለምን እንደሆነ ያስረዱኝ በሰፈራችን የሚኖሩ አንድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። እኛ «ሼሚኖ» ከምንላቸው፣ ፈረንሳይኛ ከሚያቀላጥፉት ከዚያ ትውልድ ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጫታቸውን ይዘው በረንዳ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያኔ ባቡሩ እርስ በርሱ የማይጋጨው እንዴት ነበር?»

«ሐዲዱ አንድ ነው፤ መሄጃውም መምጫውም እርሱ ነው» አሉኝ። «ስለዚህ ባቡር ከጣቢያ ከመልቀቄ በፊት የሚቀጥለውን ጣቢያ በስልክ እጠይቃለሁ። መስመሩ ነፃ ነው? እላለሁ። ነፃ ነው ካለኝ ሰዓቱን፣ የተናገረኝን ሰው፣ የባቡሩን ቁጥር መዝገብ ላይ እጽፋለሁ። ነፃ አይደለም ካለኝም እጽፋለሁ። መዝጋት ቀላል ነው ልጄ። ሳትጽፍ የዘጋህ፣ ሳትጽፍ የከፈትህ እንደሆነ ግን ሰው ትፈጃለህ።»

ይህችን ነገር ያዙልኝ። በኋላ እመለስባታለሁ።

«ቁጥር ሦስት ግባ!»

በጥቅምት 1945 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ተቋቋመ። በደርግ ዘመን አገልግሎት፣ ከዚያም ባለሥልጣን ተባለ። በ1989 ኮርፖሬሽን ሆነ። በ2003 ደግሞ ኢትዮ ቴሌኮም የሚለውን ስም ያዘ። ሦስት ሥርዓት ተፈራረቀ። አንዱ የሌላውን ሕገ መንግሥት ቀደደ፣ ባንዲራ ለወጠ፣ መሬት ወረሰ፣ የወረሰውንም መልሶ ሸነሸነ። አንዱም ቢሆን ግን ይኸንን መስመር ከእጁ አላወጣም። ኧረ ለመሆኑ ዘውዳዊው፣ ሶሻሊስቱና አብዮታዊ ዴሞክራቱ በአንድ ድምፅ የተስማሙበት ሌላ ምን ጉዳይ አለ?

እኔ ስልክን ያወቅሁት ስድስት ዓመቴ ገደማ፣ በእናቴ እጅ ተይዤ ነው። አጎቴ ከጅቡቲ ይደውልልን ነበር። እኛ ቤት ስልክ አልነበረንም፤ ጥሪ ሲኖር ቴሌ ሄደን እንጠብቃለን። አግዳሚው ላይ ብዙ ሰው ይቀመጣል። የኛ ተራ ሲደርስ ሠራተኛዋ «ቁጥር ሦስት ግባ!» ብላ ትጮኻለች። ጠባቧን የእንጨት ሳጥን ገብተን በሯን ዘግተን እናቴ ለመሰማት የምትጮኸውን ውጭ ያለው ሰው ሁሉ ይሰማዋል። የወንድሟን ብድር፣ የአያቴን ሕመም፣ የቤት ኪራዩን አግዳሚው በሙሉ ዐወቀው። ስንወጣ አንዲት ሴትዮ «እግዜር ይማርልሽ እናትሽን» ብለው መረቋት። እናቴ አፈረች። በሌላ ሰው መስመር የሚናገር ሰው ምስጢር እንደሌለው የተማርሁት ያን ቀን ነው።

ኢንተርኔት ወደ አገራችን የገባው በዚሁ ባለቤት በኩል ነው። ከዚያ አስቀድሞ አዲስ አበባ ባለው የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በኩል በስልክ መስመር ኢሜይል የሚለዋወጡ ጥቂት ተቋማትና ምሁራን ነበሩ። ኢንተርኔት ይግባልን ብለው የተሰባሰቡ ባለሙያዎችም ነበሩ። በመጨረሻ በታኅሣሥ 1989 አገልግሎቱ በይፋ ተጀመረ። እነሆ ዓለም ሁሉ በአንድ ጠባብ በር ገባችልን። የበሩ ቁልፍ ግን አንድ ነበር።

ድሬ ላይ እኔና ጓደኞቼ ከዚራ በነበረ አንድ ኢንተርኔት ቤት በደቂቃ እየከፈልን ነበር የምንጠቀመው። ያ የስልክ መስመር ሲያያዝ የሚያሰማው ጩኸት እስከ ዛሬ በጆሮዬ አለ። አንድ ፎቶግራፍ ከግንባር እስከ አገጭ እስኪወርድ ሻይ ይጠጣል። ግን ደስ ይል ነበር። ለእኛ ባቡሩ እንደ ገና የመጣ ያህል ነበር።

የደቻቱ ሌሊት

ግንቦት 7 ቀን 1997 የተደረገው ምርጫ ሁላችን የምናስታውሰው ነው። በዚያ ምርጫ ወቅት በተንቀሳቃሽ ስልክ የሚላከው አጭር የጽሑፍ መልእክት ለቅስቀሳ ትልቅ መሣሪያ ሆኖ ነበር። በውጤቱ ላይ ውዝግብ ተነሣ፤ በሰኔም ደም ፈሰሰ። ያን ጊዜ የአጭር መልእክት አገልግሎት ተዘጋ። ለሳምንት መስሎን ነበር። የተከፈተው ግን ሚሌኒየማችን በተከበረበት ሰሞን፣ በ2000 ዓ.ም. መባቻ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ መሆኑ ነው። በግንቦት 1998 ደግሞ ፖለቲካ የሚጻፍባቸው በርካታ ድረ ገጾች ከአገር ውስጥ አልከፈት አሉ።

በእነዚህ ሁለት ዓመታት መካከል የድሬዳዋ ጎርፍ አለ።

ደቻቱን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ደቻቱ ዓመቱን በሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነገድበታል። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ እዚህ ሳይዘንብ እዚያ የዘነበው ይወርዳል። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ሰው በተኛበት መጣ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን አጣ።

እኔ የዚያን ክረምት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበርሁ፤ ከእናቴ ጋር አዲስ አበባ ዘመድ ለመጠየቅ ሄደን ነበር። ጎርፉን በሬዲዮ ሰማን። አክስቴ ቤቷ ከወንዙ ዳር ነው። ደወልን፤ አይገባም። ደግመን ደወልን፤ አይገባም። አገር ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ከተማ ሲደውል መስመሩ ተጨናነቀ። የስልክ ነገር የሚያውቁ ሰዎች እንደ ነገሩኝ በዚህ ዓይነቱ ጊዜ የድምፅ ጥሪ ባይገባም ትንሿ የጽሑፍ መልእክት ሾልካ ታልፋለች፤ የምትፈልገው ቦታ ጥቂት ነውና። «ደኅና ነኝ» ለማለት ሁለት ቃል ይበቃል። ያቺ ሁለት ቃል የምታልፍበት መንገድ ግን ከዓመት በፊት በሌላ ምክንያት ተዘግቶ ነበር።

እናቴ በሁለተኛው ቀን ማታ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ጎረቤት ተሰብስቦ ለቅሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው ቀን ከድሬ የመጣ አንድ ሹፌር አክስቴን በዐይኑ እንዳያት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ከተጠለሉት ጋር እንዳለች ነገረን። እናቴ ሳቀችም አለቀሰችም። «በቁሟ ቀበርኋት» ማለትን ግን እስክትሞት ድረስ አልተወችም።

በእርግጥ አጭር መልእክት ቢኖር ጎርፉ አይቀርም ነበር፤ ሙታኑንም አያስነሣቸውም። ይኸንን አልልም። የምለው ይህን ያህል ነው፦ መልእክቱ ሲዘጋ የታሰበው ስለ ሰልፍ ነበር። ስለ ደቻቱ ያሰበ አልነበረም። መስመር እንዲህ ነው፤ ለአንዱ ብለው ሲዘጉት ለሁሉም ይዘጋል። ጠላት የተባለውንና ባሏን የምትፈልገውን ሴት፣ ቀስቃሹንና ሐኪሙን ለይቶ አያውቅም።

የቁልፉ ታሪክ

ከዚያ ወዲህ ያለው ታሪክ የመክፈትና የመዝጋት ታሪክ ነው። በ2004 የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 በኢንተርኔት የስልክና የፋክስ አገልግሎት መስጠትን በእስር የሚያስቀጣ አደረገ። ከውጭ ካለ ዘመዱ ጋር በኢንተርኔት የሚያወራው ሁሉ «እኔስ ልታሰር ይሆን?» ብሎ እርስ በርሱ ተጠያየቀ። በሚያዝያ 2006 «ዞን ዘጠኝ» በሚል ስም በኢንተርኔት ይጽፉ የነበሩ ስድስት ወጣቶችና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ስሙን ያወጡት የቃሊቲ እስር ቤት ስምንት ዞን ስላለው፣ ዘጠነኛው ከግንቡ ውጭ ያለነው ነን ብለው ነበር። በክሳቸው ውስጥ የኮምፒዩተር መልእክትን ከሌላ ዐይን የመጠበቅ ሥልጠና መውሰዳቸው ተጠቅሶ ነበር። ከፊሎቹ በሐምሌ 2007 ክሳቸው ተቋርጦ፣ የቀሩት በጥቅምት 2008 ከሽብር ክሱ ነፃ ተብለው ወጡ። እኔ ያን ጊዜ የጋዜጠኝነት ዲፕሎማዬን ይዤ ሥራ የምፈልግ ሰው ነበርሁ። እናቴ «ልጄ፣ ሌላ ሥራ የለም?» ትለኝ ጀመር።

መስከረም 25 ቀን 2009 ከአዲስ አበባ ጅቡቲ የሚደርሰው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ተመረቀ። ለእኛ ለድሬዎች ትልቅ ቀን ነበር። በዚያው ሰሞን በኦሮሚያ ተቃውሞው ተባብሶ በብዙ ቦታ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በቀናት ውስጥም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አንዱ መስመር በሙዚቃ ሲከፈት ሌላው በዝምታ ተዘጋ።

በ2008 የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ ከተሠረዘ በኋላ ደግሞ ፈተና በመጣ ቁጥር መዝጋት የተለመደ ሆነ። በሰኔ 2010 መንግሥት ተዘግተው የነበሩ 264 ድረ ገጾችን ከፈተ። ደስታችን ልክ አልነበረውም። በሰኔ 2011 ግን በፈተና ተዘጋ፤ ወዲያው ሰኔ 15 ባሕር ዳርና አዲስ አበባ ላይ ባለሥልጣናት ሲገደሉ እንደ ገና ተዘጋ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ሰኔ 22 ቀን 2012 በተገደለ ማግሥት አገሪቱ በሙሉ ለሦስት ሳምንት ከኢንተርኔት ተለየች። ትግራይ ከጥቅምት 2013 ጀምሮ ለሁለት ዓመት ያህል ከስልኩም ከኢንተርኔቱም ተቆርጣ ቆየች። በኅዳር 2015 የተባበሩት መንግሥታት የኢንተርኔት አስተዳደር ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ሲከፈት ገና ከአብዛኛው ትግራይ ጋር መነጋገር አይቻልም ነበር። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 በቤተ ክርስቲያን ውዝግብ ሳቢያ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ዩቲዩብና ቲክቶክ ታገዱ። ያ በተከፈተ በሳምንታት ውስጥ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ።

በዚያ በሦስት ሳምንቱ ጊዜ እኔ በነፃ ጸሐፊነት የማገኘው ገንዘብ ተቋረጠ። አንድ ጽሑፍ ጨርሼ የምልክበት መንገድ አጣሁ። በመጨረሻ በፍላሽ ጭኜ ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ረዳት ሃምሳ ብር ሰጥቼ ላክሁት። የደረሰው ቀኑ ካለፈ በኋላ ነው። ይህ ትንሽ ጉዳት ነው፤ በሽተኛ ያለበት፣ ልጁ የጠፋበት ሰው ያየውን እኔ አላየሁም።

ለመዝጋት ምክንያት አልነበረም ወይ? ነበር። ይኸንን መካድ አይገባም። ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ በሐምሌ 2011 ለጋዜጠኞች ሲናገሩ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም፣ የሰው ሕይወት የሚያስጠፋ ሲሆን ይዘጋል የሚል ሐሳብ ሰንዝረው ነበር። ሐሳቡን ብዙ ሰው ነቅፎታል፤ በልቡ የተቀበለውም ጥቂት አይደለም። እኔም በከተማዬ በስልክ የመጣ ወሬ ጎረቤትን ከጎረቤት ሲያስፈራራ፣ ሱቅ ሲያዘጋ አይቻለሁ። በሐሰት ፎቶግራፍ ምክንያት ዱላ ይዘው የወጡ ልጆች አውቃለሁ።

ነገር ግን መዝጋቱ ወሬውን ሲያጠፋው አላየሁም። ኢንተርኔት በጠፋባቸው ቀናት ወሬው በባጃጅ ይመጣል፣ በጫት ቤት ይከፋፈላል፣ በየደጁ ይፋፋል። የሚጠፋው ማስተባበያው ነው። «ኧረ ውሸት ነው፣ እኔ እዚያው ነኝ፣ ሰላም ነው» የሚለው ሰው ድምፁ አይሰማም።

07

ነሐሴ 23 ቀን 2014 ድሬ ላይ አንድ ነገር ሆነ። ከ128 ዓመት በኋላ አንድ ባለቤት ብቻ ያልያዘው የስልክ መስመር በአገራችን ሥራ ጀመረ። በ2011 የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ገበያውን ለውድድር ከፈተ፤ በግንቦት 2013 ሳፋሪኮም የሚመራው ኅብረት በ850 ሚሊዮን ዶላር ፈቃዱን አሸነፈ። የሙከራ አገልግሎቱን ከሁሉ በፊት የጀመረው አዲስ አበባ አይደለም፤ ድሬዳዋ ነው። አዲስ አበባ የደረሰው ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ፣ በመስከረም 2015 መጨረሻ ነው። እንግዲህ መስመር ዳግመኛ በእኛ በኩል ገባ።

ወጣቱ በ07 የሚጀምር ቁጥር ለመያዝ ተሰለፈ። እኔም ተሰለፍሁ። በ09 ተወልደን በ09 ያደግን ሰዎች ነንና ቁጥሩን ራሱ እንደ ጉድ እናየው ነበር። ለሼሚኖው ጡረተኛ ሲም ካርዱን አሳየኋቸው። «ሁለተኛ ሐዲድ ተነጠፈ በሉኝ!» አሉና ሳቁ። እኔም የቁልፉ ታሪክ ያለቀ መሰለኝ። ከእንግዲህ አንዱ ቢዘጋ በሌላው እናልፋለን አልሁ።

ገና ስድስት ወር ሳይሞላ የካቲት መጣ። ፌስቡክና ቴሌግራም ሲታገዱ 07 የያዘውም 09 የያዘውም እኩል ቆመ። ቪፒኤን የሚለው ቃል ከባለ ሱቁ እስከ ጀበና ቡና ሻጯ የሁሉም ቃል ሆነ። ታይዋን ገበያ ውስጥ ሞባይል የሚጠግኑ ልጆች «ቪፒኤን እንጭናለን» ብለው ለጠፉ። ያን ጊዜ የገባኝ ይህ ነው፦ ሐዲዱ ሁለት ሆነ እንጂ ምልክቱን የሚያዘው እጅ አንድ ነው። ውድድር ዋጋ ይቀንስ ይሆናል፤ ወረፋ ያሳጥር ይሆናል። ይህም ትንሽ ነገር አይደለም። ነፃነት ግን በነጋዴዎች ብዛት አይመጣም። ኩባንያ ፈቃዱን ያገኘው ከመንግሥት ነው፤ ዝጋ ሲባል «በየትኛው አንቀጽ?» ብሎ የሚከራከርበት ግልጥ ሕግ ከሌለ ምን ያድርግ?

ዳጉና መዝገቡ

ታዲያ ምን ይበጀናል? መልሱን ለመፈለግ ሩቅ አገር መሄድ ሳያስፈልገን አይቀርም ባይ ነኝ። ከድሬ በስተሰሜን ያሉት አፋሮች ዳጉ የሚባል ሥርዓት አላቸው። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ቆም ብለው፣ ቁጭ ብለው ወሬ ይለዋወጣሉ። ዝናብ የት ዘነበ፣ ከብት ምን ነካው፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ፤ ያዩትንና የሰሙትን ለይተው ይናገራሉ። ይህ ግዴታ ነው፤ ዳጉ የሚከለክል ነውረኛ ነው። በሐሰት ዳጉ የሚያመጣ ደግሞ ይዋረዳል፣ ዳግመኛም አይታመንም። መንገዱ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚጠየቀው የዋሸው ሰው ነው። አንድ ሰው ዋሸ ተብሎ ግን መንገዱ አይታጠርም። በደጋውም ቢሆን የቀድሞው አዋጅ ነጋሪ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ» ነበር የሚለው።

ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው መረጃ የመፈለግ፣ የመቀበልና የማሰራጨት ነፃነት እንዳለው፣ ይህም የአገር ወሰን እንደማያግደው ደንግጓል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ ቁጥር 1185 በ2012 ወጥቷል። በዚህ አዋጅ ላይ ብዙ ክርክር አለ፤ እኔም ሙሉ በሙሉ አልስማማበትም። ነገር ግን አንድ ጥፋተኛ ሰው ፍርድ ቤት የሚቀርብበት መንገድ መኖሩ፣ መቶ ሚሊዮን ሕዝብ በጅምላ እንዳይቀጣ ሊያደርግ ይገባ ነበር።

ሌላውም ዓለም በዚሁ መንገድ አልፏል። እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የግብፅ መንግሥት ሰልፉን ለማብረድ ኢንተርኔቱን ለአምስት ቀን ያህል ዘጋ፤ ሰዉ ግን ወሬ ፍለጋ ጭራሽ ወደ አደባባይ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 የዚምባብዌ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ኢንተርኔት እንዲዘጋ ያዘዙት ሚኒስትር ሥልጣኑ የላቸውም ብሎ ትእዛዙን ሻረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የምዕራብ አፍሪካ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብ ፍርድ ቤት ቶጎ እ.ኤ.አ. በ2017 ኢንተርኔት መዝጋቷ ሕገ ወጥ ነው ሲል ፈረደ። አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት መቀመጫ ናት፤ የኅብረቱ የሰብአዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መግለጫ መንግሥታት የኢንተርኔት አገልግሎትን እንዳያቋርጡ አሳስቧል። እንግዲህ ጥያቄውን ያነሣነው እኛ ብቻ አይደለንም።

ወደ ሼሚኖው ልመለስ። አንድ ቀን ይኸንን ሁሉ አጫወትኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና አንድ ነገር ጠየቁኝ።

«መዝገቡስ?»

«የምን መዝገብ አባባ?»

«ሲዘጉ የሚጽፉበት ነዋ! ማን ዘጋው? በስንት ሰዓት? ለምን? መቼ ይከፈታል?»

መልስ አልነበረኝም። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ውስጥ አልፎ አልፎ መግለጫ ሰምተናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ያዘዘው ሰው ስም፣ የተጠቀሰው አንቀጽ፣ የሚከፈትበት ቀን ለሕዝብ አልተነገረም። አንድ ጧት ተነሥተን ስልካችንን እናያለን፤ የለም። ሌላ ቀን ተነሥተን እናያለን፤ አለ። ሁለቱንም ጊዜ የሚነግረን የለም።

እንደ እኔ እንደ እኔ ጉዳዩ ከዚህ ይጀመር። ፈጽሞ አይዘጋ የሚለውን እደግፋለሁ፤ የደቻቱን ሌሊት ያየ ሰው ሌላ ሊል አይችልም። እዚያ እስክንደርስ ግን ቢያንስ ቢያንስ የባቡር ጣቢያው ወግ ይሁንልን። አዛዡ ስሙን ይጻፍ። ምክንያቱን ፍርድ ቤት አይቶ ይፍቀድ ወይም ይከልክል። የመዝጊያውና የመክፈቻው ሰዓት ይታወቅ። ስንት ሆስፒታል፣ ስንት ባንክ፣ ስንት ቤተሰብ ተጎዳ ተብሎ ለተወካዮች ምክር ቤት ሪፖርት ይቅረብ። ሰው ስሙን የሚጽፍበት ከሆነ እጁን ወደ ቁልፉ ከመስደዱ በፊት ሁለት ጊዜ ያስባል።

የድሮው ባቡር ዛሬ እንደ ቀድሞው አያፏጭም። ለገሃር ግቢ የቆሙት አሮጌ ፉርጎዎች ዝገዋል። አዲሱ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ያልፋል። ሽማግሌው ግን ያንን ልማድ አልተዉም። በስልክ ስደውልላቸው «ሃሎ» አይሉም፤ «መስመሩ ነፃ ነው?» ይላሉ።

«ለጊዜው ነፃ ነው አባባ» እላቸዋለሁ።

ቸር ወሬ ያሰማን።